የቦጎታዋ ቤቲና የኒውዮርኳ ቤቲ፦ ከሐዋሳ የተጻፈ ግምገማ

በዚህ ጽሑፍ የምገመግመው አንድ ታሪክ በሁለት አገር እንዴት እንደተሠራ ነው። የመጀመሪያው የኮሎምቢያው አርሲኤን ቴሌቪዥን ከ1999 እስከ 2001 ያሳየው፣ ፈርናንዶ ጋይታን የጻፈውና 335 የግማሽ ሰዓት ክፍሎች ያሉት ቴሌኖቬላ (የላቲን አሜሪካ ተከታታይ የቴሌቪዥን ድራማ) «ዮ ሶይ ቤቲ፣ ላ ፌያ» ነው፤ «እኔ ነኝ ቤቲ፣ መልከ ጥፉዋ» እንደ ማለት ነው። ሁለተኛው የአሜሪካው ኤቢሲ ከ2006 እስከ 2010 በአራት ሲዝንና በ85 ክፍሎች ያቀረበው «አግሊ ቤቲ» ነው። ለማነጻጸሪያ ያህል ሌሎችንም እጠቅሳለሁ፤ በተለይ «ጄን ዘ ቨርጂን»ን ሳልነካ ማለፍ አልፈልግም። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ታሪኮቹን ከነፍጻሜያቸው ስለማወራ፣ ሳይነገረው ማየት የሚሻ አንባቢ ከወዲሁ ይጠንቀቅ።

ሁለቱንም ያየኋቸው ሐዋሳ፣ በተከራየሁበት ግቢ፣ በአከራያችን በእትዬ ሳሎን ውስጥ ነው። የሰርቪስ ቤቶቹ ተከራዮች አብዛኞቹ በ2016 በተመረቀው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ልብስ የሚሰፉ ወጣት ሴቶች ናቸው፤ ከሲዳማና ከወላይታ ገጠሮች መጥተው አንዷን ክፍል ለሦስትና ለአራት ተጋርተው የሚኖሩ፣ ከፈረቃ ሲመለሱ እትዬ ቡና ካፈሉ ሳሎኑን የሚሞሉ ናቸው። የውጭ ተከታታይ ድራማ ለእነሱም ሆነ ለእትዬ እንግዳ ነገር አይደለም። ቃና ቴሌቪዥን በዚያው በ2016 የባዕድ አገር ድራማዎችን በአማርኛ ድምፅ ማሳየት ከጀመረ ወዲህ፣ የአገር ውስጥ የጥበብ ባለሙያዎች ያሰሙት ተቃውሞ እንዳለ ሆኖ፣ በብዙ ቤት ምሽቱ የሚደለደለው በድራማ ሰዓት ነው። ቤቲን ግን ያየናት በስፓኒሽ ድምፅና በእንግሊዝኛ የግርጌ ጽሑፍ ስለነበር፣ እያነበቡ በአማርኛ መንገር የእኔ ድርሻ ሆነ። ይህ የግምገማዬ ጉድለት ሊሆን ይችላል፤ ጥቅሙ ደግሞ የትኛው ንግግር ከቋንቋ ወደ ቋንቋ ሲሻገር እንደሚተርፍና የትኛው መንገድ ላይ እንደሚቀር ማስተዋሌ ነው።

ቤቲ፣ ሙሉ ስሟ ቤያትሪዝ ፒንዞን ሶላኖ፣ በኢኮኖሚክስ ተመርቃ በፋይናንስ ትምህርቷን ያሻሻለች የቦጎታ ልጅ ናት። አና ማሪያ ኦሮስኮ የተጫወተቻት ይህች ልጅ መነጽሯ፣ የጥርሷ ብረትና የአለባበሷ ነገር ቃለ መጠይቅ በቀረበችበት ቦታ ሁሉ እየከለከላት፣ በመጨረሻ ከብቃቷ እጅግ በሚያንስ የጸሐፊነት ሥራ ኢኮሞዳ በተባለ የልብስ ኩባንያ ትቀጠራለች። ተፎካካሪዋ ፓትሪሺያ ፈርናንዴዝ ዲግሪ የላትም፤ ተምሬያቸዋለሁ የምትላቸውን ስድስት ሴሚስተሮች ግን ሰው ሰላም ባላት ቁጥር ታነሳለች። አለቃው አርማንዶ ሜንዶዛ ሁለቱንም ይቀጥርና ፓትሪሺያን እንግዳ በሚያያት ቦታ፣ ቤቲን ደግሞ ከቢሮው ጋር በተያያዘች ጠባብ ክፍል ያስቀምጣቸዋል። ይህ አቀማመጥ ያለ አንዲት ቃል ብዙ ይናገራል፤ ሳሎኑ ውስጥም ማብራሪያ አልጠየቀም።

እስከዚህ ድረስ ታሪኩ ከሌሎች መቶ ታሪኮች የሚለየው ነገር የለም። ልዩ የሚያደርገው ከዚያ በኋላ የሚመጣው የሂሳብ ጉዳይ ነው፤ የሂሳብ አያያዝ መምህር በመሆኔ ወደዚህ ካጋደልኩ አንባቢ ይታገሠኝ። አርማንዶ የኩባንያው ፕሬዚዳንት ለመሆን ለቦርዱ የገባው የሽያጭ ዕቅድ አይሳካለትም። ኪሳራውን ለመሸፈን ቤቲ እውነቱን የማያሳይ የሂሳብ ሚዛን እንድታዘጋጅ ያደርጋታል። አበዳሪዎች የኩባንያውን ንብረት እንዳይዙበት ደግሞ ቴራሞዳ የሚባል ሌላ ኩባንያ በቤቲ ስም ያቋቁምና ኢኮሞዳን የቴራሞዳ ባለ ዕዳ ያደርገዋል። ከዚያች ቀን ጀምሮ የኢኮሞዳ ባለቤቶች የሆኑት የሁለት ባለጠጋ ቤተሰቦች ሀብት በወረቀት ደረጃ የዚያች የጠባቧ ክፍል ጸሐፊ ነው። አርማንዶ ሌሊት እንቅልፍ የሚያጣው በፍቅር ሳይሆን በዚህ ወረቀት ነው። ጓደኛው ማሪዮ ካልዴሮን «ልጅቷ በፍቅርህ ካበደች ኩባንያውን ይዛ አትሄድም» የሚል ምክር ሲሰጠው የቴሌኖቬላው ልብ መምታት ይጀምራል፤ ምክንያቱም ተመልካች እያንዳንዱን የአበባ ስጦታና እያንዳንዱን ጣፋጭ ቃል የሚያየው ከዋስትና ሰነድ ጋር አያይዞ ነው። አርማንዶ ራሱ ከማስመሰል ወደ እውነተኛ ፍቅር መቼ እንደተሻገረ በእርግጠኝነት ለመናገር አይቻልም፤ ጋይታን ይህን መስመር በጣም ቀስ ብሎ፣ ምናልባትም ከመቶ በሚበልጡ ክፍሎች ውስጥ ስለሚያሰምረው።

ቤቲ ካልዴሮን ስለዚህ ሴራ ለአርማንዶ የጻፈውን ደብዳቤ አግኝታ የምታነብበት ክፍል ሳሎናችንን ጸጥ ያሰኘ ነው። የበለጠ ያስደነቀኝ ግን ከዚያ በኋላ የምታደርገው ነው። ወዲያውኑ አትጮኽም፣ አታለቅስባቸውም፤ ምንም እንዳላወቀች ሆና ሥራዋን ትቀጥልና በቦርዱ ስብሰባ ላይ ትክክለኛውን የሂሳብ ሚዛን ታወጣዋለች። በፍቅር የተከፈተው ቁስል በቁጥር ሲመለስ የሚያሳይ ሌላ ድራማ አላውቅም። ከተከራዮቹ አንዷ «ደመወዛችንን የሚሠራልን ሰውዬ ይህን ቢያይ ጥሩ ነበር» አለች፤ ሳቁ ከቤቲ ዝነኛ ሳቅ በላይ ሆነ።

ሌላው የቦጎታዋ ቤቲ ሀብት የሴት ጓደኞቿ ስብስብ ነው። ራሳቸውን የመልከ ጥፉዎች ቡድን ብለው የሚጠሩት የኢኮሞዳ ሴት ሠራተኞች የሚመካከሩት በመጸዳጃ ቤቱ ውስጥ ነው። ብቻዋን ልጅ የምታሳድገው አውራ ማሪያ፣ ባሏ ጥሏት ከወጣት ሴት ጋር የሄደው ሶፊያ፣ ካርታ የምትገልጠው ማሪያና፣ ዲዛይነሩን ሁጎ ሎምባርዲን እየታገሠች የምትሰፋው አሮጊቷ ኢኔሲታ እያንዳንዳቸው የራሳቸው የቤት ኪራይ፣ ዕዳና ጭንቀት አላቸው። ጋይታን ለእነዚህ ሴቶች የሰጠው ጊዜ ለዋናዎቹ ፍቅረኞች ከሰጠው ብዙም አያንስም። እኛ ግቢ በጣም የተወደደችው ኢኔሲታ ናት፤ እጇ ላይ ያለውን መርፌ አያያዝ እየተመለከቱ «ይቺስ ሰፍታ ታውቃለች» የሚል የባለሙያ ፍርድ ሲሰጥ ሰምቻለሁ።

ልብስ ሰፊነትና ቴሌኖቬላ የተገናኙት ግን በቤቲ አይደለም። በ1969 በፔሩ የተሠራው «ሲምፕሌሜንቴ ማሪያ» ከገጠር ወደ ከተማ መጥታ በቤት ሠራተኝነት የምትጀምር፣ ማንበብና መጻፍ ተምራ በልብስ ስፌት መኪና ኑሮዋን የምትለውጥ ሴት ታሪክ ነበር። ድራማው በታየባቸው አገሮች የስፌት ትምህርት ፈላጊውና የስፌት መኪና ገዢው በረከተ። ይህን ያስተዋለው የሜክሲኮው ፕሮዲውሰር ሚጌል ሳቢዶ ከ1970ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ሆን ተብሎ ለትምህርት የተዘጋጁ ቴሌኖቬላዎችን መሥራት ጀመረ፤ የ1975ቱ «ቬን ኮንሚጎ» ስለ ጎልማሶች ትምህርት፣ የ1977ቱ «አኮምፓኛሜ» ስለ ቤተሰብ ምጣኔ። የሳቢዶ ዘዴ ወደ እኛም ደርሷል። ከ2002 እስከ 2004 በኢትዮጵያ ሬዲዮ በ257 ክፍሎች የተላለፈው «የቀን ቅኝት» የተዘጋጀው በዚሁ ዘዴ ነው። ስለዚህ ቴሌኖቬላ ከሩቅ የመጣ እንግዳ ነው የሚል ሰው እናቱ ሬዲዮ ሥር ተቀምጣ ምን ታዳምጥ እንደነበር ይጠይቃት። እትዬም ያንን ድራማ በሚገባ ያስታውሱታል፤ ማን ከማን ጋር እንደተጋባ ከእኔ ጋር ተከራክረው ረትተውኛል።

ወደ ዋናው ነጥቤ ልምጣ። የቴሌኖቬላ መስህብ ብዙ ጊዜ የሚነገርለት ለቅሶው፣ የጠፋ ልጅ መገኘቱና የክፉዋ እጮኛ ሴራ ነው። እኔ ግን ትልቁ መስህብ ፍጻሜ ያለው መሆኑ ይመስለኛል። የአሜሪካው የቀን ድራማ ማለቂያ የለውም፤ «ጋይዲንግ ላይት» በ1937 በሬዲዮ ተጀምሮ በቴሌቪዥን እስከ 2009 ድረስ ለ72 ዓመታት ቀጥሏል። ቴሌኖቬላ ግን ከሰኞ እስከ ዓርብ በየምሽቱ እየታየ፣ ብዙውን ጊዜ ከመንፈቅ እስከ አንድ ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ ይጠናቀቃል፤ ተመልካቹም ከመጀመሪያው ምሽት ጀምሮ ግፍ የሠራ እንደሚከፍል፣ የተገፋች እንደምትካስ ያውቃል። ጥያቄው ይሆናል ወይስ አይሆንም ሳይሆን እንዴት ይሆናል የሚል ነው። እንደ ዕቁብ ነው፤ ዕጣው ለሁሉም እንደሚደርስ እየታወቀ ሁሉም በየሳምንቱ በጉጉት ይሰበሰባል። አሜሪካውያን ቴሌኖቬላን ወደ ቤታቸው ሲወስዱ የተቸገሩት በዚህ ነው፤ የእነሱ ሳምንታዊ ድራማ ተመልካች እስካለው ድረስ ይቀጥላል፣ ተመልካች ሲያጣ ይቋረጣል፣ ጸሐፊውም የትኛው ክፍል የመጨረሻው እንደሚሆን አስቀድሞ እምብዛም አያውቅም።

ይህን ስል የቦጎታዋ ቤቲ እንከን የለሽ ናት ማለቴ አይደለም። 335 ክፍል ብዙ ነው። በመካከል ላይ አንዱ ምስጢር በአንድ በር ጀርባ ሦስት ጊዜ የሚሰማበት፣ ትናንት ያየነው ዛሬ በሌላ ሰው አፍ የሚደገምበት ረጅም ዝርግ ሜዳ አለ፤ እትዬ በዚያ ሰሞን እንቅልፍ ያሸልባቸው ነበር፣ እኔም አልፈረድኩባቸውም። ሌላው የሚያነጋግረው ነገር መዋቧ ነው። ቤቲ ከኢኮሞዳ ወጥታ በካርታኼና ከካታሊና አንኼል ጋር በቁንጅና ውድድር ዝግጅት ትሠራና ፀጉሯም አለባበሷም ተለውጦ ትመለሳለች። ለመልከ ጥፉዋ የቆመው ድራማ በመጨረሻ እሷን በማሳመር ታሪኩን መፍታቱ ያሳፍራል የሚሉ አሉ። እኔ በከፊል ብቻ እስማማለሁ፤ የፕሬዚዳንትነቱን ወንበር ያሰጣት ፀጉሯ ሳይሆን የቴራሞዳ ሰነድና የሂሳብ ችሎታዋ ነውና። ይልቅ የሚከብደኝ ያን ሴራ የፈጸመባትን አርማንዶን ማግባቷ ነው። ግቢያችን በዚህ ለሁለት ተከፈለ። እትዬ «ሰው አይደል፣ ይሳሳታል፤ ካለቀሰ ወዲያ ምን ይሁን ልጄ?» ሲሉ፣ ልብስ ሰፊዎቹ «እትዬ፣ ደብዳቤውን እኮ በዓይኗ አንብባዋለች!» እያሉ አልበገር አሉ።

የኒውዮርኳ ቤቲ ሌላ ሰው ናት። አሜሪካ ፌሬራ የተጫወተቻት ቤቲ ሱዋሬዝ በኩዊንስ ሰፈር ከሜክሲኳዊ አባቷ ጋር የምትኖር፣ ጸሐፊ የመሆን ሕልም ያላት ልጅ ስትሆን፣ «ሞድ» በተባለ የፋሽን መጽሔት የተቀጠረችውም የባለቤቱ ልጅ ዳንኤል ረዳቶቹን ሁሉ ፍቅረኛ እያደረገ ስላስቸገረ ነው። የዳንኤል አባት ቤቲን የመረጡለት በዚህ ስሌት መሆኑ መራራ ቀልድ ነው፤ ድራማውም በዚህ ዓይነቱ ቀልድ ይጎብዛል። ሲልቪዮ ኦርታ ለአሜሪካ ያዘጋጀው፣ ሳልማ ሃየክ ከዋና ፕሮዲውሰሮቹ አንዷ የሆነችበት ይህ ሥራ በ2007 በምርጥ ኮሜዲ ተከታታይነት የጎልደን ግሎብ ሽልማት አግኝቷል፤ ፌሬራም በዚያው ዓመት ጎልደን ግሎብንና ኤሚን ወስዳለች። ሽልማቱ ለፌሬራ ይገባታል። ፊቷ ላይ ያለው ቅንነት አንዳንዴ ከተጻፈላት ነገር ይበልጣል።

የአሜሪካው ሥራ የሚያሸንፍበት ቦታ የኩዊንሱ ቤት ነው። አባት ኢግናሲዮ ወጥ ቤት ቆሞ ያበስላል፤ የመድኃኒት ወጪውን ከኢንሹራንስ ጋር ይሟገታል፤ ቆይቶም የመኖሪያ ፈቃድ እንደሌለው ይታወቃል። እህቷ ሂልዳ ልጇን ብቻዋን ታሳድጋለች። ቴሌቪዥናቸው ውስጥ ደግሞ ሁልጊዜ ሌላ ቴሌኖቬላ ይታያል፤ በዚያች ትንሽ ስክሪን ላይ ከሚታዩት ተዋናዮች አንዷ ሳልማ ሃየክ ራሷ ናት። ውጭ አገር ዘመድ የሌለው ቤት በሐዋሳ እምብዛም ስለማይገኝ፣ የወረቀት ነገር ሲነሳ ሳሎኑ ምንም ማብራሪያ አላስፈለገውም። እትዬ የመጽሔቱን ሽኩቻ ጨርሶ ትተው «አባቷስ እንዴት ሆነ?» ብቻ ይጠይቁኝ ነበር።

የሚሸነፍበት ቦታ መጽሔቱ ነው። ቫኔሳ ዊሊያምስ የተጫወተቻት ዊልሄልሚና ስሌተር አስደሳች ክፉ ብትሆንም፣ በዙሪያዋ የሚደረደሩት የግድያ፣ የማንነት መለወጥና የውርስ ሴራዎች ከቤቲ ሥራ ጋር የሚያያይዛቸው ክር ቀጭን ነው። በቦጎታ ቤቲ ካልኖረች ኩባንያው ይፈርሳል፤ በኒውዮርክ ቤቲ ባትኖርም መጽሔቱ መውጣቱ አይቀርም። ፈጣኑ ቀልድም በትርጉም መንገድ ላይ ቀረ፤ እኔ አስረድቼ ሳልጨርስ ትዕይንቱ ሦስት ጊዜ ይቀየራል። ፍጻሜው ግን ድፍረት አለው። ቤቲ አለቃዋን አታገባም፤ የጥርሷ ብረት ወልቆ፣ የራሷን ሥራ አግኝታ ወደ ለንደን ትሄዳለች፤ ዳንኤል ተከትሏት ሲመጣም ነገሩ ክፍት ሆኖ ይቀራል። ሰፊዎቹ አጨበጨቡ፤ እትዬ «ታዲያ አለቀ? ይህ ማለቅ ነው?» ብለው ተቆጡ። ሁለቱም ልክ ናቸው፤ መጨረሻው ለልጅቷ ክብር ሲሰጥ ለተመልካቹ ዕዳውን ሳይከፍል ይሄዳል።

ሌሎቹን የአሜሪካ ቅጂዎች በአጭሩ ላንሳ። ማይኔትወርክቲቪ የተባለው ጣቢያ በ2006 ሲከፈት የላቲን አሜሪካ ታሪኮችን በእንግሊዝኛ አሠርቶ በየምሽቱ አቀረበና ብዙም ሳይቆይ ተወው፤ ምሽት በምሽት መታየቱን ወስዶ ታሪኩ የሚኖርበትን ቤተሰብ ስለተወው ይመስለኛል። «ክዊን ኦፍ ዘ ሳውዝ» የ2011ዱን «ላ ሬይና ዴል ሱር» ተከትሎ ቴሬሳ ሜንዶዛን ከስፔን ዳርቻ ወደ ዳላስ አዛውሮ ከ2016 እስከ 2021 ቆይቷል፤ ተኩስ ለሚወድ ጥሩ ነው፣ ከልጆች ጋር ግን አይታይም።

«ጄን ዘ ቨርጂን» ከሁሉም የላቀ ነው። በ2002ቱ የቬኔዙዌላ ድራማ «ሁዋና ላ ቪርሄን» ላይ ተመሥርቶ በጄኒ ስናይደር ኡርማን የተዘጋጀው ይህ ድራማ፣ በሐኪም ስህተት ድንግል ሳለች ያረገዘችን የማያሚ ልጅ ታሪክ ከ2014 እስከ 2019 ይነግራል። ብልሃቱ ቴሌኖቬላ መሆኑን አለመደበቁ ነው። የማይታይ ተራኪ ስለ ሁሉም ነገር እየቀለደ ያወራል፤ ጽሑፍ ስክሪኑ ላይ ይመታል፤ የጄን አባት ሮሄሊዮ ራሱ የቴሌኖቬላ ኮከብ ነው፤ ተዋናዩ ሃይሜ ካሚል ደግሞ በሜክሲኮው የቤቲ ቅጂ «ላ ፌያ ማስ ቤያ» ውስጥ አለቃውን የተጫወተው ሰው ነው። መንታ፣ ፊት የሌለው ወንበዴ፣ ሞተ የተባለ ሰው መመለስ፣ ሁሉም አለበት። ግን አልባ የምትባለው አያቷ በስፓኒሽ ስትናገር ጄን በእንግሊዝኛ የምትመልስበት በረንዳ ከወንበዴዎቹ ሁሉ ይበልጣል። ሲዳምኛ የምትናገር እናትና በአማርኛ የምትመልስ ልጅ ባሉበት ከተማ ይህ ትዕይንት የተለመደ ነገር ነው። ፍጻሜም አለው፤ ክፍሎቹን እየቆጠረ ሄዶ መቶኛው ላይ፣ እንዳሰበው ይዘጋል። በአምስት ሲዝን ውስጥ የቴሌኖቬላን ቃል ኪዳን የጠበቀ የአሜሪካ ሥራ ምረጥ ብባል ይህን እመርጣለሁ።

ለማየት ለሚያስቡ፣ እንግሊዝኛ የሚሰማ ሰው በአሜሪካዎቹ መጀመር ይቀለዋል። በዲኤስቲቪ የሚገኘው የቴሌሙንዶ ቻናልም የስፓኒሽ ድራማዎችን በእንግሊዝኛ ድምፅ ያሳያል፤ ለጣዕሙ ያህል ይበቃል፣ የድምፅ ቅጂው ግን ለቅሶውን ያደርቀዋል። የቦጎታዋን ቤቲ በኢንተርኔት ልከታተል የሚል ሰው የዳታ ፓኬጁን አስቀድሞ ያስብበት፤ ጥራቱን ዝቅ አድርጎ ማየት ብዙም አይጎዳም፣ ድራማው በአብዛኛው በቢሮና በሳሎን የተቀረጸ ነውና። ከእናት ጋር የሚያይ ሰው በቦጎታዋ አያፍርም፤ በጄን ግን አንዳንድ ቦታ ሪሞቱን ይያዝ።

አንድ ማሳሰቢያ ይቀረኛል። በ2024 በኢንተርኔት ፊልም የሚያሳየው ፕራይም ቪዲዮ አና ማሪያ ኦሮስኮንና አርማንዶን የተጫወተውን ሆርሄ ኤንሪኬ አቤዮን መልሶ አምጥቶ የቤቲን ታሪክ ከሃያ ዓመታት በኋላ ቀጥሎታል። ትዳሯ የሻከረ፣ ከልጇ ጋር መግባባት ያቃታት ቤቲ ናት የምትታየው። ተዋናዮቹ አሁንም ጎበዞች ናቸው፤ ነገር ግን የተዘጋ መዝገብ እንደገና ሲከፈት የቀድሞው ሚዛን መዛባቱ አይቀርም፤ ቀጣዩን ለሚያይ ሰው የድሮው ሠርግ ድሮ እንደነበረው አይሆንም። ሰፊዎቹ «ብለን ነበር» እያሉ በደስታ እየተከታተሉት ነው። እትዬ ግን ገና የመጀመሪያው ክፍል ሳይጋመስ ተነሥተው «የእኔዋ ቤቲ በሰላም ተጋብታለች» ብለው ጀበናውን ሊያጥቡ ወጡ።